ርካሽ ዋጋ ከወዴት ይመጣል?

ስለ ገዢ ሕሊና የቀረበ አስተያየት



ስለ ሻጭ ኃጢአት ብዙ ሰምተናል። ሚዛን የሚያጓድል፣ ቅቤውን ከሌላ ስብ የሚደባልቅ፣ በርበሬውን በሸክላ ዱቄት የሚያበዛ ነጋዴ በስብከትም በጨዋታም ሲወቀስ ኖሯል፤ መወቀሱም ተገቢ ነው። የገዢ ኃጢአት ግን እምብዛም አይነሣም። ገዢ ሁልጊዜ ተበዳይ እንጂ በዳይ መስሎ አይታየንም። መጽሐፈ ምሳሌ ግን በ20ኛው ምዕራፍ ገዢውን ለብቻው ነጥሎ ያሳየናል። ይህ ሰው በሻጩ ፊት ሳለ ዕቃውን ሲያናንቅና ሲያጣጥል ይቆያል፤ ገዝቶ ዘወር እንዳለ ደግሞ እንዴት በርካሽ እንዳገኘው እያወራ ይመጻደቃል። ጠቢቡ በዚህ ሰው ላይ ፍርድ አልሰጠም፤ መልኩን ብቻ አሳየን። መልኩም የብዙዎቻችን መልክ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ በርካሽ መግዛት መቼ ብልኅነት፣ መቼስ በደል ይሆናል? ጥያቄው ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ በየቀኑ በኪሱ ይመልሰዋል።

በአንድ ጣራ ሥር

ለጥያቄያችን ምሳሌ እንዲሆነን ከአገራችን ርቆ የሚገኝ አንድ ገበያ እንመልከት። በአሜሪካ «ኩዊልት» የሚባል የእጅ ሥራ አለ። ይህም ልዩ ልዩ ቀለም ካላቸው የጨርቅ ቁርጥራጮች ተገጣጥሞ የሚሠራ፣ በመካከሉ ስስ የጥጥ ንጣፍ ገብቶበት ከሥሩ ገበር የሚደረግለት፣ ሦስቱም ድርብ በጥቃቅን ስፌት አንድ የሚሆኑበት የአልጋ ልብስ ነው። እኛ ድሪቶ ከምንለው ጋር ዝምድና አለው ማለት ይቻላል፤ ቁራጭን ከቁራጭ አጋጥሞ መስፋትን ለብዙዎች ያስተማራቸው ችግር ነውና። ልዩነቱ፣ ድሪቶ እስከ ዛሬ የድህነት ምልክት ሆኖ ሲቀር ኩዊልት በጊዜ ብዛት የጥበብ ሥራ ተብሎ መከበሩ ነው።

ይህ ሥራ የሚታይባቸው ታላላቅ ዐውደ ርእዮች አሉ። በቴክሳስ ግዛት በሂዩስተን ከተማ ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ በኬንታኪ ግዛት በፓዱካ ከተማ ደግሞ ከ1985 ጀምሮ ሲካሄዱ ቆይተዋል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፓዱካ ትንሽ ከተማ ብትሆንም በ1991 የኩዊልት ሙዚየም ተከፍቶባታል፤ በ2013ም ዩኔስኮ በእደ ጥበብ ዘርፍ ከፈጠራ ከተሞች አንዷ አድርጎ መዝግቧታል።

ወደ እንዲህ ዓይነቱ ዐውደ ርእይ የሚገባ ሰው ሁለት ስፍራ ያገኛል። በአንደኛው ኩዊልቶቹ እንደ ሥዕል ተሰቅለዋል። ጎብኚው በእጁ እንዲነካቸው አይፈቀድለትም፤ ጀርባቸውን ማየት የፈለገ እንደሆነ ነጭ ጓንት ያጠለቁ አስተናጋጆች ጠርዙን ገለጥ አድርገው ያሳዩታል። ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን የፈጀ የእጅ ሥራ ስለሆነ እንዲህ መከበሩ አያስደንቅም።

በሁለተኛው ስፍራ የነጋዴዎች መደብሮች በረድፍ ቆመዋል። ብትን ጨርቅ በጣቃ፣ ክር፣ መርፌ፣ መቀስ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ በወረቀት የታተመ የስፌት ንድፍም ይሸጥበታል። አንድ ያርድ፣ ማለትም ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚያንስ ጥሩ የጥጥ ጨርቅ፣ ዛሬ ከ12 ዶላር በላይ ሊያወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ገዢዎች ቅናሽ ፍለጋ ከመደብር ወደ መደብር ይዞራሉ። ከጣቃ የተረፉ ቁራጮች በቅርጫት ሞልተው ይቀርባሉ። የያርድ ሩብ የሆኑ፣ በ18 እና በ22 ኢንች ልክ ተቆርጠው የታጠፉ ጨርቆች በክምር ይሸጣሉ። በመጨረሻው ቀን ማምሻ ደግሞ አንዳንዱ ነጋዴ ዕቃውን ጭኖ ከመመለስ ዋጋ መቀነስን ይመርጣል።

ይህን ገበያ የመረጥነው ስለዚህ ነው። በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንዱ ስፍራ የሰው እጅ ድካም በነጭ ጓንት ይከበራል፤ በሌላው ስፍራ የዚያው ድካም ዋጋ ምን ያህል ዝቅ ሊል እንደሚችል ይፈለጋል። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትመላለሰው ጎብኚ ግን አንዲት ሴት ናት፤ ሕሊናዋም አንድ ነው።

ርካሽነት ሁሉ አንድ አይደለም

በመጀመሪያ ሊነገር የሚገባው፣ በርካሽ መግዛት በራሱ በደል አለመሆኑ ነው። በመጽሐፈ ምሳሌ መጨረሻ ላይ የተመሰገነችው ባለሙያ ሴት ሱፍና የተልባ እግር ፈልጋ በእጆችዋ የምትሠራ፣ ንግድዋንም በማስተዋል የምትይዝ ናት። ቁጠባ ምግባር ነው። በጨርቅ ላይ የተረፈው ገንዘብ ለልጅ ደብተር፣ ለታመመ ጎረቤት መድኃኒት ሊውል ይችላል። ገንዘቡ የተቈጠረ እናት ርካሹን ብትፈልግ የሚወቅሳት የለም። ስለሆነም «ርካሽ ነውን?» ብለን ከመጠየቅ ይልቅ «ርካሽነቱ ከወዴት መጣ?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። ምንጩ ቢያንስ ሦስት ነው።

አንደኛው ርካሽነት ከዕቃው ከራሱ ይመጣል። የጣቃው ጫፍ ለሙሉ ልብስ ስለማይበቃ፣ ያለፈው ዓመት አበባ ከዘንድሮው ጋር ስለማይሄድ፣ ወይም ነጋዴው ጭነቱን ማቅለል ስለፈለገ ዋጋው ይወርዳል። እዚህ ላይ የተጎዳ ሰው የለም። ሻጩ የማይፈልገውን ይለቃል፤ ገዢዋ የምትፈልገውን ታገኛለች። እንዲያውም የብዙ ኩዊልቶች መነሻ ይህን የመሰለ ትርፍራፊ ነው። ጌታም ሕዝቡን ከመገበ በኋላ አንዳች እንዳይጠፋ ቁርስራሹ እንዲሰበሰብ አዟልና፣ ትርፍን አለማባከን የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ርካሽነት ከሻጩ አለማወቅ ይመጣል። አንዲት ሴት ከአያቷ የወረሰችው አሮጌ ኩዊልት ምን ያህል እንደሚያወጣ ሳታውቅ በጥቂት ገንዘብ ታቀርበዋለች እንበል፤ ገዢው ግን ያውቃል። ዝም ብሎ ቢገዛስ? ቅዱስ አውጎስጢኖስ ስለ ሥላሴ በጻፈው መጽሐፍ፣ በ13ኛው ክፍል፣ ስለ አንድ ሰው ይነግረናል። ይህ ሰው መጽሐፍ ሊገዛ ሲል ሻጩ ባለማወቁ እጅግ ትንሽ እንደ ጠየቀ አስተዋለ፤ ነገር ግን ሻጩ ያልጠበቀውን ተገቢውን ዋጋ ከፈለው። አውጎስጢኖስ ይህን ያነሣው፣ በርካሽ ገዝቶ በውድ መሸጥ የሰው ሁሉ ምኞት ነው ለሚለው አባባል መልስ እንዲሆነው ነው። ምኞቱ የብዙዎች ሊሆን ይችላል፤ የሰው ሁሉ እንዳልሆነ ግን ያ አንድ ገዢ ምስክር ነው።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም በ13ኛው መቶ ዓመት ይህንኑ ታሪክ ጠቅሶ ነገሩን አጠንክሮታል። ሻጩ ወርቁን ናስ መስሎት በናስ ዋጋ ቢሸጥ፣ እያወቀ የገዛው ሰው በደለኛ ነው፤ ያጎደለውንም መመለስ ይገባዋል ብሎ አስተምሯል። ከዚህ የምንረዳው፣ የፍትሕ ሕግ ለሻጭ ብቻ የተሠራ ሳይሆን ገዢውንም እኩል የሚያስር መሆኑን ነው።

ሦስተኛው ርካሽነት ከችግር ይመጣል። ጉዳዩ እዚህ ላይ ይከብዳል። ሻጩ የዕቃውን ዋጋ ያውቃል፤ ተታለለ አይባልም፤ ተስማምቷልም። ይሁን እንጂ እሺ ያሰኘው ፈቃዱ ሳይሆን ጭንቀቱ ነው። ይህን በታሪክ ካልሆነ በቀር በቃል ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል።

የአምስት ዶላሩ ኩዊልት

ወይዘሮ ሃሪየት ፓወርስ በ1837 በጆርጂያ ግዛት በባርነት የተወለዱ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። ከነፃነት በኋላ ከባለቤታቸው ጋር በእርሻ ይተዳደሩ ነበር። እኒህ ሴት በ11 ክፍሎች የተከፈለ፣ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በጨርቅ ቅርጽ የሚተርክ ኩዊልት ሰፉ። አዳምና ሔዋን፣ ቃየልና አቤል፣ የያዕቆብ ሕልም፣ የጌታ ጥምቀትና ስቅለት ይታዩበታል። ይሁዳም ከሠላሳው ብር ጋር ተሰፍቷል። ሥራው በ1886 በአቴንስ ከተማ በተደረገ የጥጥ ትርኢት ለሕዝብ ቀረበ። ወይዘሪት ጄኒ ስሚዝ የተባሉ የሥነ ሥዕል መምህርት አይተው እጅግ ስለ ወደዱት ሊገዙት ጠየቁ፤ ወይዘሮ ሃሪየት ግን በምንም ዋጋ አልሸጥም አሉ።

ጥቂት ዓመታት አልፈው ኑሮ ከበደ። ወይዘሮ ሃሪየት ኩዊልቱን በንጹሕ የዱቄት ከረጢት ጠቅልለው፣ በበሬ በሚሳብ ጋሪ ተጭነው ወደ መምህርቷ ቤት መጡ። የጠየቁት 10 ዶላር ነበር። መምህርቷ ግን ከ5 ዶላር በላይ መስጠት እንደማይችሉ ነገሯቸው። ወይዘሮ ሃሪየት ከባለቤታቸው ጋር ተማከሩ፤ ባለቤታቸውም ዘመኑ ክፉ ነውና ብትቀበዪ ይሻላል አሏቸው። ተቀበሉ። ከመሄዳቸው በፊት የእያንዳንዱን ክፍል ትርጉም አስረዱ። ከዚያም በኋላ ሥራቸውን ለማየት ብቻ ወደዚያ ቤት ደጋግመው ተመላለሱ። ዛሬ ኩዊልቱ በዋሽንግተን በሚገኘው በስሚዝሶኒያን ተቋም የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ተጠብቆ ይገኛል፤ ሌላው የእጅ ሥራቸው በቦስተን የጥበብ ሙዚየም ነው።

በመምህርቷ ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። የእርሳቸውም እጅ አጥሮ እንደ ነበር ራሳቸው ጽፈዋል። የኩዊልቱን ትርጉም መዝግበው ባያቆዩልን ኖሮ የዚያች እናት ስም ምናልባት ከጨርቁ ጋር አልቆ በጠፋ ነበር። ደግሞም የተቸገረ ሰው ዕቃ ሲያቀርብ አልገዛም ማለት ከመግዛት የበለጠ ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ በደሉ ከችግረኛ በመግዛት ላይ አይደለም። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፤ በ1886 በምንም ዋጋ የማይሸጠው ኩዊልት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ5 ዶላር የተሸጠው ስፌቱ ስለ ረገበ ወይም ቀለሙ ስለ ለቀቀ አይደለም። የተለወጠው የሻጯ ኑሮ ነው። ዋጋው የኩዊልቱን መልካምነት ሳይሆን የዚያችን እናት ጭንቀት ይለካ ነበር።

ቅዱስ ቶማስ አንዱ ወገን ስለ ቸገረው ብቻ ሌላው ዋጋ ሊጨምርበት አይገባም፤ የሌላው ችግር የእኔ ንብረት አይደለምና ልሸጠው አልችልም ይላል። እርሱ በሻጩ በኩል የተናገረውን ወደ ገዢው ስናዞረው፣ የሌላው ችግር የእኔ አይደለምና ከዋጋው ላይ ልቀንስበት አልችልም ማለት ይሆናል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሌዎን 13ኛም በ1891 ስለ ሠራተኞች ሁኔታ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ሠራተኛ በችግር ወይም የባሰ እንዳይመጣበት በመፍራት የተቀበለው ከባድ ውል፣ ምንም እንኳ እሺ ያለበት ቢሆን፣ ግፍ መሆኑን አስተምረዋል። ስምምነት ለፍትሕ ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ችግረኛ ብቻውን ሲሆን የጠየቀውን ለማግኘት አቅም ያንሰዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በ1966 በአላባማ ግዛት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ኩዊልቶቻቸውን በተሻለ ዋጋ ለመሸጥ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። በዚያው አካባቢ ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር ያሉ እናቶች ካረጀ የሥራ ልብስ የሰፏቸው ኩዊልቶች በ2002 በሂዩስተን የጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀርበዋል። ታላቁ የጨርቅ ገበያ በሚቆምባት በዚያችው ከተማ፣ ሊጣል የደረሰ ቡቱቶ በነጭ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ያለ ቃል የሚደረግ ክርክር

«ይህ ሁሉ ለሚከራከር ገዢ ነው፤ ዋጋው በተጻፈበት ገበያ ግን ማን ይከራከራል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በሽሮ ሜዳ ነጠላ የሚገዛ ሰው ከሻጩ ጋር ቃል ሲመላለስ ይቆያል፤ በአሜሪካው ዐውደ ርእይ ግን ዋጋው በወረቀት ተለጥፎ ይጠብቃል። ሆኖም ያለ ቃል የሚደረግ ክርክርም አለ። አነስተኛዋ ነጋዴ የመደብሩን ኪራይ፣ የመንገዱንና የማደሪያውን ወጪ ችላ፣ አዲሱን የስፌት ዘዴ ለተሰበሰበው ሰው በነፃ ታሳያለች። አንዳንዷ ጎብኚ ትምህርቱን ከእርሷ ትቀስምና ጨርቁን ርካሽ ከሆነበት ስፍራ ትገዛለች። ሌላዋ ንድፉን ሳትገዛ ፎቶግራፍ አንሥታ ትሄዳለች። ሌላዋ ደግሞ ለሽያጭ በቀረበ ኩዊልት ፊት ቆማ፣ ይህንማ በሱቅ በ50 ዶላር አገኘው ነበር ትላለች።

ሕጉ ከእነዚህ አንዱን ይከለክል፣ ሌላውን ይፈቅድ ይሆናል። ሕሊና ግን በሁሉም ላይ አንድ ጥያቄ አለው፤ የሌላውን ድካም ወስጄ ዋጋውን ለማን ተውሁት? ኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ በመለኪያ ሁሉ፣ በርዝመትም ቢሆን፣ ዓመፃ እንዳይደረግ ያዝዛል። ሻጭ ያርዱን ቢያሳጥር በደል ነው። ገዢም የሻጯን ሙያና ጊዜ ከምንም ሳትቈጥር ጨርቁን ብቻ ብትለካ፣ የእርሷም መለኪያ አጥሯል።

የማይታዩ እጆች

እስካሁን ያነሣናቸው ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ዛሬ ግን አብዛኛው ርካሽነት የሚመጣው ፊታቸውን ከማናያቸው ሰዎች ነው። ጥጡን ማን ለቀመው? ማን ፈተለው? ማን አቀለመው? የኩዊልት ሠሪዎች ራሳቸው ይህን ጥያቄ በ1992 ተጋፍጠውታል። በዚያን ጊዜ የስሚዝሶኒያን ተቋም በእጁ ያሉ ጥቂት ታሪካዊ ኩዊልቶች ግልባጫቸው በቻይና ተሰፍቶ እንዲሸጥ ፈቃድ ሰጠ፤ ከእነዚህም አንዱ የወይዘሮ ሃሪየት ፓወርስ ኩዊልት ነበር። የአሜሪካ ሠሪዎች የእጅ ሥራችንን ዋጋ ያሳጣል ብለው ብርቱ ተቃውሞ አሰሙ።

ተቃውሞው የሚገባን ነው። ነገር ግን ጉዳዩን በትክክል ማየት ይገባል። የቻይናይቱ ሰፊ እጅ ከአሜሪካዊቷ እጅ አያንስም፤ ባዕድ መሆኗ በደል አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው ለእርሷ የተከፈላት ለድካሟ ይበቃል ወይ የሚለው ነው። በባርነት ተወልዳ ሥራዋን በግማሽ ዋጋ የሸጠች እናት ኩዊልት፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ስማቸው በማይታወቅ ሌሎች እጆች ርካሽ ድካም ቢባዛ፣ ያ የአምስት ዶላር ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ዞሮ መጣ ማለት ነው።

ከብትን ጨርቅ ወደ ተሰፋ ልብስ ስንሻገር ነገሩ ይብሳል። ሚያዝያ ወር 2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ሠራተኞች ነበሩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ እነዚህ ሰዎች በወር 38 ዩሮ ይከፈላቸው እንደ ነበር ሰምተው፣ ይህ የባርነት ሥራ ነው አሉ። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ፣ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ጽፏል። እኛ ርካሽ ነው ብለን በደስታ በምናነሣው ልብስ ውስጥ ያ ጩኸት ተሰፍቶ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ ከእኛም ቤት ደርሷል። በ2016 የተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአሜሪካና ለአውሮጳ ገበያ ልብስ ሲሰፋ፣ የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል እንደ ነበር በ2019 በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አመልክቷል። ከእነዚያ ሠራተኞች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ እኅቶቻችን ናቸው። ከጥር 2022 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ የመሸጥ ዕድል ስላቋረጠች ብዙዎች ያንኑ ትንሽ ደመወዝ አጡ። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ደመወዙ ትንሽ ነውና አልገዛም ማለት ቀላል መልስ ይመስላል፤ ገዢ ሲጠፋ ግን በመጀመሪያ የምትራበው ያችው ሠራተኛ ናት። ፍትሕ የሚፈልገው ገዢው እንዲሸሽ ሳይሆን፣ የሚገባውን እንዲከፍልና ሻጩንም ስለ ሠራተኛው እንዲጠይቅ ነው።

ሳይቸግር የሚገዛ

ርካሽነት ሌላውን ብቻ ሳይሆን ገዢውንም ይጎዳል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ብዙ ሰው የማያስፈልገውን የሚገዛው ስለ ረከሰ ብቻ ነው። ከኩዊልት ሠሪዎች መካከል፣ በቁም ሣጥን ያከማቹት ጨርቅ ሰፍተው ከሚጨርሱበት ዕድሜ እንደሚበልጥ እየሳቁ የሚናገሩ አሉ። ሳቁ የዋህ ነው፤ ውስጡ ግን እውነት አለ። በ1943 ሥራ የጀመረውና ወደ 800 የሚጠጉ መደብሮች የነበሩት ጆአን የተባለው የጨርቅ ነጋዴ ድርጅት በ2025 ሲዘጋ፣ ብዙ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ፤ መደብሮቹም በማጣሪያ ቅናሽ ተራቈቱ። እንዲህ ባለ ቅናሽ መግዛት በደል አይደለም፤ ዕቃው መሸጡ አይቀርምና። ነገር ግን የሌላው እንጀራ በተቋረጠበት ቀን በቅናሹ ብቻ ተደስቶ መሄድ ልብን ያደነድናል።

ቅዱስ ባስልዮስ በሣጥን ተቈልፎ የሚኖር ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ መሆኑን አስተምሯል። በግብረ ሐዋርያት የምናገኛት ጣቢታም ልብስ ሰፊ ነበረች። እርሷ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ ለሐዋርያው ጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነበር እንጂ ያከማቸችውን ጨርቅ አልነበረም። በቅናሽ የተገዛ ጨርቅ ለታረዘ ሕፃን ልብስ፣ ለሽማግሌ ብርድ መከላከያ ከሆነ ርካሽነቱ ተባርኳል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ገዢ የእያንዳንዱን ክር ታሪክ መርምሮ ሊደርስበት አይችልም፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን የሚጠይቀው ሕግ የለም። በሚታየው ነገር ላይ ግን ይጠየቃል። ፊት ለፊት ያለውን ሻጭ ዕቃ እያወቀ አያጣጥል። ሻጩ ባለማወቅ ጥቂት ሲጠይቅ እውነቱን ይንገረው። በችግር የተገፋ ሰው ዋጋ ሲቀንስ ይበልጥ ቀንስ ብሎ አይግፋው፤ ቢችል የጠየቀውን ይሙላለት። በሠሪዋ እጅ የተሠራውን ነገር ሲገዛ ስለ ጨርቁ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰዓቱም ይክፈል። ገንዘቡ ያነሰው ሰው ደግሞ ትንሽ ይግዛ፤ የሌለውን ካልከፈልህ ብሎ የሚያስጨንቀው የለም። ኪሱ ሞልቶ የድኻን ዋጋ የሚያስቀንስ ግን በምን ይመካኛል?

በመጽሐፈ ምሳሌ ያየነው ገዢ ዘወር ብሎ የሚመጻደቀው፣ ለሻጩ በፊቱ የነገረውና ለሌላ ሰው የሚያወራው ስለማይገጥሙ ነው። የጽድቅ ግዢ ምልክቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ምን ያህል እንደ ከፈልንና ለምን ያን ያህል እንደ ከፈልን፣ ሻጩ ባለበት ሳናፍር ልንናገረው የምንችለው ግዢ ነው።

ለውይይት

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና ለቁምስና ማኅበራት እንዲያገለግሉ የሚከተሉትን ጥያቄዎች አቅርበናል።

1. በአካባቢያችሁ ገበያ በችግር ምክንያት ዋጋቸውን የሚቀንሱ ሻጮች እነማን ናቸው? ማኅበራችሁ በምን መንገድ ሊደግፋቸው ይችላል?

2. ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ዋጋ ፍትሕ የሌለበት ሊሆን ይችላል? ከወይዘሮ ሃሪየት ፓወርስ ታሪክ ጋር አያይዛችሁ ተወያዩ።

3. ደመወዛቸው ትንሽ በሆነ ሠራተኞች የተሰፋ ልብስ መግዛት ይገባል ወይስ አይገባም? ለመልሳችሁ ምክንያት ስጡ።